እንዶድ ያቆመው አረፋ

ባለፈው ሳምንት፣ የግንቦት ልደታ ዋዜማ ዕለት፣ ደረጃ ስወርድ ነው ነገሩ የጀመረው። በእኛ ብሎክ አሳንሰር የሚባል ነገር የለም። ጉልበት ያለው ይውጣ ይውረድ፣ የሌለው መስኮት ላይ ተቀምጦ መንገድ ይይ ተብሎ ነው የተሠራው። እኔም እያቃሰትኩ እወጣለሁ፣ እያቃሰትኩ እወርዳለሁ። መሃል ላይ ስደርስ አንድ ሽታ ያዘኝ። መረር ያለ፣ ቅጠል ቅጠል የሚል፣ ሊያስነጥስ የሚቃጣው ሽታ። የደረጃውን ብረት ይዤ ቆምኩ። ታች ግቢው ውስጥ ጎረቤቴ ሐረገወይን ሳፋ አስቀምጣ ነጠላ ታሻለች። ሐረገወይን ከመንገዱ ማዶ ያለው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት። ልብስ ማጠቢያ ማሽን አላት፤ የገዛችው ጊዜ ወንዱ ሁሉ ተረባርቦ ነው ፎቅ ያወጣላት። ታዲያ ምን ሆነሽ በእጅሽ ትፈትጊያለሽ ብላት፣ የልደታ ነጠላ በማሽን አይታጠብም፣ እንዶድ ከመርካቶ አስመጥቼ ነው አለችኝ። ሳፋው ላይ ጎንበስ ብዬ አረፋውን ሳየው ብዙ ቆየሁ መሰለኝ፣ «እትዬ ብርቄ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም፣ እንዶዱ ነው አልኳት። ሳቀች። ትሳቅ፤ እሷ ምን ታውቃለች። እኔን ግን ያ አረፋ አንድ ጊዜ ጉድ ሊሠራኝ ነበር።

ይህ ብሎክ የቆመበት ቦታ የእኛ ግቢ ነበር። ዛሬ ብነግራቸው የሰፈሩ ወጣቶች አሮጊቷ ትቀባጥራለች ይላሉ፤ ይበሉ። ጭቃ ቤቶች ነበሩ፣ ትከሻ ለትከሻ የተደጋገፉ፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ከግድግዳው ማዶ ይማርህ የሚልባቸው። አሁን መኪና የሚታጠብበት ጥግ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የወንዶቹን ሱሪ ከታች እያሰፋ ከላይ እያጠበበ ሀብታም የሆነ ሰው። ከሱ ቀጥሎ መጠጥ ቤት፣ ከመጠጥ ቤቱ ሬዲዮ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ አንድ ክራር የበዛበት የፍቅር ዘፈን፤ ግጥሙን እስከ ዛሬ በቃሌ እለዋለሁ፣ ዘፋኙን ግን አይቼው አላውቅም። ዳቦ በአስር ሳንቲም ነበር። ዳቦ ማለቴ ዳቦ ነው፣ ዛሬ እንደሚሸጡልን አየር አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የምሄደው በውይይት ታክሲ ነበር፣ ፊት ለፊት በተገጠሙት አግዳሚዎች ላይ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨን፤ ስሙም ከዚያ ነው መሰለኝ የመጣው፣ ሳያወሩ መውረድ አይቻልም ነበርና። ዘመኑ የቱ ነበር ብትሉኝ አልነግራችሁም። ሰልፍና ስብሰባ የበዛበት፣ ሳሙና በኩፖን ከቀበሌ ሱቅ የሚታደልበት ዘመን ነበር ብል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሳሙና ስለሌለ ሰው ወደ እንዶድ ተመለሰ። እናቴ ግን ድሮም ከእንዶድ አልራቀችም። የሺ ትባላለች፤ ግቢው ሁሉ እማማ የሺ ይላታል። አባቴ እኔ ሕፃን ሆኜ ነው የሞተው፣ ሌላ ልጅ የላትም። በዚያን ጊዜ ዐይኗን ሞራ ጋርዶት ሰው የምትለየው በኮቴ ነበር። ልብስ ስታጥብ እድፉን በጣቷ ትዳስሰዋለች፣ ንጹሑንም በጣቷ ታውቀዋለች፤ እኔ በሁለት ደህና ዐይን የማላየውን የኮሌታ እድፍ እሷ በጨለማዋ ትይዘዋለች። ውኃ ከቦኖ የምቀዳላት፣ እሳቱን የማነድላት፣ ቤተ ክርስቲያን እጇን ይዤ የማደርሳት እኔ ነበርኩ። ይህን ያዙልኝ፤ የነገሩ ሁሉ እምብርት እዚህ ነው።

እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየጨረስኩ ነበር፣ በሂሳብ። የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ ሲነገር ሰው ዐይኑን ያፈጣል፤ አማካይ ጉብጠታቸው የማይለዋወጥ ገጾች መረጋጋት። የሳሙና አረፋ ማለት ነው እንግዲህ፣ ሌላ አይምሰላችሁ። አረፋ ስስታም ነገር ነው። ቆዳውን ሁልጊዜ ማሳነስ ይፈልጋል፣ ውስጡ የታሰረው አየር ግን ከዚህ በላይ አታንሰኝም ይለዋል፤ ሁለቱ ሲታረቁ ከየትም ቢለኩት ጉብጠቱ በአማካይ እኩል የሆነ ገጽ ይወጣል። ጥያቄው ይህ ነው፤ ትንሽ ነካ ቢያደርጉት ወደ ቦታው ይመለሳል ወይስ ይበጠሳል? እያንዳንዱ ገጽ እንደ ክራር ጅማት የራሱ አነቃነቅ አለው፣ ለያንዳንዱ አነቃነቅ ደግሞ አንድ ቁጥር። አይገንቫልዩ እንለዋለን። ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ከሆነ ገጹ ተነቅንቆ ይረጋጋል። ከዜሮ በታች ከወረደ ያ ንቅናቄ እያደገ ሄዶ ገጹን ይበጥሰዋል። እኔ የያዝኩት በሁለት ክብ አፎች መካከል እንደ ቧንቧ የተወጠረውን አረፋ ነበር። እንዲህ ብዬ አረጋገጥኩ፤ አየሩ ከታሰረ፣ ቧንቧው ርዝመቱ ከአፉ ዙሪያ እስኪበልጥ ድረስ ይቆማል፣ ከበለጠ ግን መቆሚያ የለውም። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር እንጀራዬ ነበር። መቆሚያ የለውም።

የትምህርት ክፍሉ በዚያ ዓመት ለመምህርነት የሚያስቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። የቀረው በምደባ ወደ ክፍለ ሀገር ይላካል፣ የት እንደሚላክም አይጠየቅም። እጩዎቹ ሁለት ነን፤ እኔና ነስሩ። ነስሩ ሰንጋ ተራ ሱቅ ያላቸው የወልቂጤ ሰው ልጅ ነው። አብረን ተምረን፣ በአንድ መጽሐፍ ተካፍለን፣ ሳልጠይቀው ስህተቴን እየነገረኝ፣ ሳይጠይቀኝ ስህተቱን እየነገርኩት የኖርን ሰዎች ነን። ዛሬም በሕይወት አለ፣ አላህ ያቆይልኝ፤ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ይኖራል፣ በበዓል በበዓሉ ይደውልልኛል። ቁም ሣጥኑ ላይ አንድ ያረጀ ቡናማ ሻንጣ አለው። ልጆቹ አባባ ይህን ጣለው ሲሉት ይቆጣል። በዚያን ጊዜ እሱ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት የሚሟገትበት ዲፌንስ አልፎ ነበር፣ ጥሩ ውጤትም አግኝቷል። የእኔ ከበለጠ እኔ እቀራለሁ፤ ከተሰናከለ እሱ ይቀራል። እኔ ከሄድኩ እናቴን ማን ይይዛታል? ይህን ጥያቄ እኔና እሷ አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም። ራት ቀርቦ ስንበላ በመካከላችን ተቀምጦ አብሮን ይበላ ነበር።

ዲፌንሴ የግንቦት ልደታ ዋዜማ ዕለት ሆነ። ሳምንቱን እናቴ ከሳፋ አልተነሳችም። እንዶዱን ትወቅጣለች፣ ትዘፈዝፋለች፣ ታሻለች፤ ጣቶቿ ተልጠዋል። በየዓመቱ ለልደታ ነጭ ልብስ ስለሚታጠብ ነገሬ አላልኩትም። አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ተቀምጬ አረፋውን ሳየው፣ ለምን አልሞክረውም አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሥራ ፈት ሐሳብ መጥቶልኝ አያውቅም። ሁለት እኩል የቲማቲም ድልህ ጣሳ አጠብኩ፤ የአንዱን ቂጥ በምስማር ቀድቼ መቃ አስገባሁበት። በጣሳው አፍ ዙሪያ ቀይ ክር አንድ ጊዜ አዙሬ ቆረጥኩ። ክሩ እንግዲህ የእኔ ቴዎረም ነው፤ አረፋው ከክሩ እኩል እስኪረዝም ይቆማል፣ ካለፈ ይበጠሳል። የጣሳዎቹን አፍ እንዶዱ ውስጥ ነክሬ፣ በመቃው እየነፋሁ አለያየኋቸው። ቀጥ ያለ ቧንቧ ወጣ፣ ደስ አለኝ። የመቃውን ቀዳዳ በአውራ ጣቴ ዘግቼ እናቴን ክሩን ያዥልኝ አልኳት። ከክሩ እኩል ሆነ፤ ቆመ። በጣት ስፋት አለፈ፤ ቆመ። በሁለት ጣት አለፈ፤ ቆመ። መቆም የለበትም እኮ! ደግሜ ሠራሁት፤ ደግሞ ቆመ። እናቴ ክሩን እንደያዘች፣ «ምነው ዝም አልሽ?» አለችኝ። ምንም አይደለም አልኳት። ድምፄን ግን ከኮቴዬ ይልቅ ታውቀዋለች፤ ክሩን ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና እሽታዋን ቀጠለች።

በማግስቱ ለነስሩ ነገርኩት። ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነበር። ሂሳብ ዲፌንስ ላይ ማንም አረፋ አምጪ አይልሽም፣ ከነገሩ ጦም እደሩ አለኝ። ምክሩ ደህና ምክር ነበር። እኔ ግን ተናድጄ፣ አረፋው ልክ ከሆነ እኔ ውሸታም ነኝ፣ የቆመ ነገር መቆም አይችልም ብዬ ጽፌያለሁ አልኩት። ማረጋገጫውን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ እንደገና ሄድኩበት። ምልክቱን፣ ጠርዙን፣ ቋሚውን፤ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት? ስህተት ማግኘት እንዴት ያለ ጸጋ እንደሆነ የዚያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ ስህተት ካገኙ ያርሙታል። እኔ ምንም አላገኘሁም። ቁጥሬ ከዜሮ በታች ነው፣ አረፋው ቆሟል። በዚህ ላይ ለዲፌንሱ ልለብሰው ያሰብኩት አረንጓዴ ሹራቤ ጠፋ። ከማስጫው ገመድ ላይ የለም፣ ሳጥን ውስጥ የለም። ነጭ ጉርድ ቀሚሴም የለም። እናቴን ብጠይቃት፣ «ይገኛል፣ የት ይሄዳል» አለች፤ ፊቷን አዙራ። ጎረቤት ያነሳብኝ መስሎኝ ባለ በሌለ ቁጣዬ ግቢውን በጠበጥኩት። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ግን ሰው ሲጨንቀው የሚይዘው ያጣል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እያልኩ ለራሴ ስተርት ሰነበትኩ። በየግድግዳው ማዶ ሰው ለበዓሉ ንፍሮ ይለቅማል፣ ይስቃል፣ ሬዲዮው ያንኑ ዘፈን ያዜማል።

ለዲፌንሱ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረፋድ ላይ፣ ያንኑ አረፋ እንደገና ወጥሬ ተቀመጥኩ። ተስፋ የቆረጠ ሰው የቆሰለበትን ቦታ እንደሚነካካ ነው። አውራ ጣቴ ደክሟት ከቀዳዳው ላይ ተንሸራተተች፣ አየሩ ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። ያን ጊዜ አየሁት። ቧንቧው አልከሳም፤ ተጨማደደ። እንደ አሮጌ ጉንጭ፣ እንደ ረገበ ከበሮ ቆዳ፣ ሽብሽብ ሽብሽብ አለ። ተነስቼ ቆምኩ። የእኔ ገጽ እኮ መጨማደድ አያውቅም! የእኔ ገጽ ሁልጊዜ የሚወጠር፣ ሲሳብ የሚሰፋ፣ ሲለቀቅ የሚሰበሰብ እንጂ የሚታጠፍ አይደለም። ይህ ስስ ቆዳ ያለው ሌላ ፍጥረት ነው። እንዶዱ አረፋው ላይ ቆዳ አብጅቶ፣ ያ ቆዳ እንደ ድጋፍ ሆኖ ነው ያቆመው። ቴዎረሙ አልተሳሳተም፤ እኔ ነኝ በማይሆን ነገር የለካሁት። ሌላ አገር ያለ ሰው በእንዶድ አይሞክርም፤ ሳሙና ገዝቶ ይሞክር ነበር። ነገሩ ገብቶኝም እንኳ አልተረጋጋሁም፤ ግምት ነዋ! በእውነተኛ ሳሙና ካላየሁት አላምንም። ሳሙና ደግሞ በግቢው ውስጥ የለም፣ በቀበሌ ሱቅ የለም፣ የሚቀጥለው እደላ ከበዓሉ በኋላ ነው።

ለነስሩ ነገርኩት። ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ድረስ መጣ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዞ። የቤታቸው የወሩ የሳሙና ድርሻ ግማሹ ነበር፤ እናቱ ሳታጉረመርም አልቀረችም። እናቴ ኮቴውን ሰምታ፣ ነስሩ ነህ፣ ግባ፣ ቆሎ አለ አለችው። ደጃፍ ላይ ቆመን ሳሙናውን ተቀበልኩት።

«ነስሩ፣ ይህ ሠርቶ ካለፍኩ ቦታው የእኔ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አመጣኸው?»

ወደ እናቴ ተመለከተ። «አባቴ ሌሎች ልጆች አሉት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ የሺ ግን ካንቺ ሌላ ማን አላቸው?»

ሳሙናውን ሳልነካው አስቀመጥኩት። ሞክሬ ብሳሳት ዲፌንሱ ላይ መቆሚያ እግር አይኖረኝም ብዬ ፈራሁ። ፈሪ ነበርኩ፣ አልደብቅም።

የዲፌንሱ ክፍል ጠባብ ነበር፣ መስኮቱ አይከፈትም። በሰው ቀሚስ ነው የሄድኩት፤ ከጎረቤት ተውሼ። ጣሳዎቼን፣ ክሬንና ሳሙናውን በዘንቢል ይዤ ከወንበሬ ሥር አስቀምጫለሁ፤ ላወጣቸው ሳይሆን፣ ቤት ትቻቸው መምጣት ስላልቻልኩ። ከውጭ የመጣው ፈታኝ ከዘራ የሚይዝ፣ ሲናገር ጣሪያ የሚያይ ሰውዬ ነበር። ሁሉን ጸጥ ብሎ ሰማኝና፣ ልጨርስ ስል ከዘራውን ወለሉ ላይ መታ አደረገ። ቧንቧሽ በግማሽ ይበጠሳል አለኝ። የመጀመሪያው አይገንቫልዩ ከዜሮ በታች የሚወርደው ርዝመቱ የዙሪያውን ግማሽ ሲያልፍ ነው፣ አንቺ እጥፍ ጽፈሻል። ጠመኔውን አንስቼ አስረዳሁ፤ ያ የመጀመሪያው ንቅናቄ ወገቡን በሙሉ የሚያሳብጥ ወይም በሙሉ የሚያከሳ ነው፣ ለዚያ አየር መግባት ወይም መውጣት አለበት፣ አየሩ ደግሞ ታስሯል። ስለዚህ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ቢሆንም መንገድ የለውም። ገጹን የሚበጥሰው ሁለተኛው ነው፣ አንድ ወገን አብጦ ሌላው ወገን የሚከሳበት፣ አየሩ እዚያው ውስጥ የሚዘዋወርበት። እሱም እስከ ሙሉ ዙሪያው ይታገሳል። ሰውየው ጣሪያውን እንዳየ፣ «ወረቀት ላይ ሁሉም ይቆማል» አለ። «አይተሽዋል?»

ነስሩ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ነበር። አንገቱን አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። አላየሁም ብል ያልፋል፣ ማንም አይጠይቀኝም፤ እሱም አይናገርም፣ አውቀዋለሁ። ግን ለሰውየው ከሰጠሁት ማስረጃ ይልቅ ያ የተሸበሸበ እንዶድ ዐይኔ ላይ ቆሞ ነበር። «አይቻለሁ» አልኩ፣ «መጀመሪያ ያየሁት ግን ከጻፍኩት ጋር አልተስማማም።» ከዚያ የእንዶዱን ታሪክ ነገርኳቸው፤ ከዙሪያው አልፎ መቆሙን፣ መጨማደዱን፣ ቆዳ አለው ብዬ መገመቴን። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አማካሪዬ ግንባሩን ያዘ። ወደሽ ከተደፋሽ ቢረግጡሽ አይክፋሽ ማለት ይህ ነው። ሰውየው ብቻ አልሳቀም። «ዛሬስ ምን ይዘሻል?» አለ። ዘንቢሌን ከወንበር ሥር ሳብኩ።

ሳሙናውን በጽዋ ውኃ በጠበጥኩ። ነስሩ ሳልጠራው መጥቶ ክሩን ያዘልኝ። ጣሳዎቹን ነክሬ፣ እየነፋሁ ሳብኩ። ቧንቧው ወጣ፣ በመስኮቱ ብርሃን ቀለማት ይሯሯጡበታል። ወደ ክሩ ግማሽ ተጠጋሁ። ሰውየው ከወንበሩ ተነሳ። ግማሹን አለፍኩ። ቆመ። «አሃ» አለ ሰውየው፣ ከዘራውን ትቶ። ቀጠልኩ። ከመንገድ የታክሲ ክላክስ ይሰማል። ከክሩ ጫፍ ደረስኩ፤ ቆመ። አሁን መበጠስ አለበት። አሁን ካልተበጠሰ እንዶዱ ልክ ነው፣ እኔ አለቀልኝ። ትንሽ ሳብኩ። ምንም። ነስሩ ክሩን እንደያዘ፣ «ቀስ» አለኝ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። ፀጉር ታህል ጨመርኩ። በእኔ በኩል ያለው ወገን ከሳ፣ በወዲያ ያለው አበጠ፣ ልክ በሰሌዳው ላይ እንደሳልኩት፤ ወገቡ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ተበጠሰ። አንዱ ጣሳ ላይ ትልቅ አረፋ፣ አንዱ ላይ ትንሽ አረፋ ቀረ። ሰውየው ክሩን ከነስሩ እጅ ወስዶ ሁለት ጊዜ አየው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየኝ።

ኮሪደሩ ላይ ብዙ አስጠብቀው ነው የጠሩኝ። ቦታው የእኔ ሆነ። መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ ያለኝ ነስሩ ነው። እኔን እንግዲህ የት ይጥሉኝ ይሆን ብሎ ሊስቅ ሞከረ። ውይይት ታክሲ ሳልጠብቅ እስከ ሰፈራችን ልደታ በእግሬ ሄድኩ።

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ኮቴዬን ሰምታ ቀጥ አለች። «አለፍኩ እማዬ» አልኳት፣ «እዚሁ ነው የምቀረው።» እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ በእግሯ አልጋው ሥር የሆነ ነገር ስትገፋ አየሁና ጎንበስ ብዬ ሳብኩት። የአባቴ ቡናማ ሻንጣ ነው። ከፈትኩት። አረንጓዴ ሹራቤ። ነጭ ጉርድ ቀሚሴ። ያለኝ ልብስ በሙሉ፣ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ሽታው እንዶድ እንዶድ የሚል። ሳምንቱን ሙሉ ጣቷ እስኪላጥ ያጠበችው ለበዓሉ አልነበረም።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እማዬ?»

«ልብስሽ ነዋ። ሰው አገር በእድፍ ልብስ አይኬድም።»

«እኔ ሳልሄድ?»

«ብትሄጂ ብዬ ነው» አለች። «እኔን አይተሽ እግርሽ እንዳይተሳሰር ብዬ። ለቅሶውንም ሳጥብ ጨርሼዋለሁ፤ ሳፋ ውስጥ ማን ያየዋል።»

ጭኗ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እኔ ስለሷ ስል አረፋ ስወጥር፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ክሬን ይዛ እየሸኘችኝ ነበር። ፀጉሬን እየዳበሰች ቆየችና፣ «ያ ልጅስ?» አለችኝ። ማን እንደሆነ አልጠፋኝም። የሚሄደው እሱ ነው አልኳት። እጇ ፀጉሬ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ወርዳ፣ ሻንጣውን በእጇ ፈልጋ አገኘችና ልብሶቼን አንድ በአንድ እያወጣች አልጋው ላይ መደርደር ጀመረች። ሹራቡን አወጣች፣ ቀሚሱን አወጣች፣ ባዶውን በመዳፏ ጠረገችው።

«ሻንጣውን ለነስሩ ስጪው» አለች። «ነገ በዓል ነው፤ ከነገ ወዲያ ሸሚዞቹን ይዞ ይምጣ በይው። እንዶዱ ገና አላለቀም።»